ሳልቀምስ የላክሁት ቢራ

ነገሩ የሆነው የኛ ሚሊኒየም በተከበረበት ዓመት፣ የነቢያት ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እዚሁ ስቶክሆልም ውስጥ ነው። ዓመታት አልፈውታል። እኔ ልርሳው ብልም የሚያስረሱኝ አልሆኑም፤ አማቴ ቤት የሆነ ነገር ይዤ በገባሁ ቁጥር ያ ቅዳሜ ይነሳብኛል።

መጀመሪያ ጉዴን ልናገር። ያኔ "አላውቅም" የሚባለው ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር። አዲስ አበባ እያለሁ መንገድ የጠየቀኝን ሰው ሁሉ፣ ሰፈሩን ባላውቀውም፣ "ወደዚያ ታጠፍና ሁለተኛው ቅያስ ነው" ብዬ እሸኘው ነበር። ስቶክሆልም በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ሶደርማልም በሚባለው ሰፈር አንዲት አሮጊት ስዊድናዊት መንገድ ጠየቁኝ። የት እንደቆምኩ እኔም አላውቀውም። ቢሆንም በሙሉ ልብ ወደ ግራ ላክኋቸው። እስከ ዛሬም እየሄዱ ይሆናል።

ለማስትሬት መጥቼ፣ ትምህርቱን ጨርሼ፣ የኮምፒውተር ኔትወርክ ሥራ አግኝቼ ቀረሁ። ሶስናን ያወቅኋት ቤተ ክርስቲያን ነው። በስምንት ዓመቷ ከወላጆቿ ጋር በስደት የመጣች፣ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል በነርስነት የምትሠራ ልጅ ናት። እናቷ ካረፉ ቆይተዋል። ያሳደጓት አባቷ ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ እሷም ያለ እሳቸው ቡራኬ ማንንም እንደማታገባ ገና ከጠዋቱ ነግራኛለች።

ጋሽ ደምሴ ፋርስታ ነው የሚኖሩት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን፣ ከቅዳሴ ወጥተን ስንቆም፣ ከፋርስታ ወደ ፍሌሚንግስቤሪ የትኛው አውቶቡስ እንደሚሻል ጠየቁኝ። እኔ ሆዬ አንድ ቁጥር ጠራሁላቸው፤ የት ወርደው የት እንደሚቀይሩም አስረዳኋቸው። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰሙኝ። በኋላ ሶስና እየሳቀች ስትነግረኝ፣ የጠራሁት አውቶቡስ እዚያ አካባቢ አልፎ አያውቅም። በዚያ መስመር ስንት ዓመት እንደነዱ አስቡት እንግዲህ።

ሽማግሌ የምልክበት ጊዜ ሲደርስ እንግዲህ በኚህ ሰውዬ ዘንድ ስሜ ይህን ይመስል ነበር። ጾሙ ሳይገባ እንዲያልቅ ቀኑ ለቅዳሜ ተቆረጠ። የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ይሉኝታ የሚያበዙ፣ ሰው ፊት ክፉ ቃል የማይወጣቸው አዛውንት። ሌሎቹ ሁለት የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ናቸው። በደንቡ አግቢው ልጅ አብሮ አይሄድም። የኔ ድርሻ መጠጡን ማዘጋጀት ብቻ ነበር፤ እሱም በዛብኝ።

ሌላው ሰው ውስኪ ይልካል። ጋሽ ደምሴን ግን ሐኪም ከጠንካራ መጠጥ ስለከለከላቸው ትንሽ ቢራ ብቻ ነው የሚቀምሱት። ሶስና አንድ ቀን ስታወራ፣ አባቷ የዚህን አገር ቢራ "ውሃ ነው" እያሉ እንደሚያሙት፣ የሚናፍቃቸውም ቆየት ብሎ ቆምጠጥ ያለ ጠላ እንደሆነ ነግራኛለች። ይህችን እንደ ትልቅ ምስጢር ያዝኳት። ኮምጣጣ ቢራ የሚባል ነገር እንዳለ ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ጠላ የሚመስል ቢራ ልኬ የሰውዬውን አንጀት ልበላ ወሰንኩ። ለሶስና አልነገርኳትም፤ እሷንም ላስደንቃት ነው።

በዚህ አገር ደህና ቢራ የሚሸጠው የመንግሥት መጠጥ መደብር ብቻ ነው። ቅዳሜ በአገሩ ሰዓት ከቀኑ ሦስት ላይ ይዘጋል፣ እሑድ ጭራሽ አይከፈትም። ረፋዱ ላይ ሶደርማልም ካለው መደብር ሄድኩና ኮምጣጣ ቢራ እንዳላቸው ጠየቅሁ። ሻጯ ልጅ ፊቷ በራ። ብዙ ሰው የሚጠይቃት ነገር አልነበረም መሰለኝ፣ እየመራች ጥግ ላይ ወዳለ መደርደሪያ ወሰደችኝ።

"ኮምጣጣ ቢራ ጠጥተህ ታውቃለህ?" አለችኝ።

ሁልጊዜ እንደምጠጣ ነገርኳት።

ልጅቷ ግን፣ እግዜር ይስጣትና፣ ከዚያም በኋላ ልትረዳኝ ሞከረች። የሚጠጡት ሰዎች ለምደውት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ካልለመዱት ከቀዩ መጀመር ይሻላል አለች፤ ቼሪ የተዘፈዘፈበት፣ ጣፈጥ የሚል፣ ኮምጣጣነቱ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ቀጥሎ ቡናማውን አሳየችኝ፤ እሱ መሐከለኛው ነው። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ግን፣ አለችኝ፣ የመጨረሻው ነው፤ ከሌላው ጀምሮ ነው የሚደረስበት።

እኔ ቀዩን ሳየው ተናደድኩ። ሽማግሌ የምልክ ሰው ቼሪ የተሳለበት ጠርሙስ ላስይዝ? የልጅ ልደት መሰላት እንዴ? ዓይኔ የላይኛው ላይ ቀረ። ጠርሙሱ ወፍራም፣ እንደ ሻምፓኝ ቡሽ የተገጠመለትና በሽቦ የታሰረ ነው። ሦስት ዓመት በእንጨት በርሜል የቆየ ቢራ እንዳለበት፣ ጓዳ ውስጥ ቢቀመጥም ሃያ ዓመት እንደማይበላሽ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ሦስት ዓመት! ሽማግሌ ለሽማግሌ ብዬ ሦስት ጠርሙስ አነሳሁ። በጣዕሙ ሳይሆን በቡሹ ነው የመረጥኩት ማለት ነው።

ስወጣ ልጅቷ አንድ ነገር ጨመረች፤ ከመውሰድህ በፊት አንዱን ቤትህ ክፈትና ቅመስ አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ማለት በአገሩ አራት ሰዓት፣ ሽማግሌዎቹን ፋርስታ ጋሽ ደምሴ ደጃፍ አድርሼ፣ ጠርሙሶቹን አስይዤ፣ እኔ ሴንትሩም ወደሚሉት የሰፈሩ የገበያ ማዕከል ሄጄ አንድ የጫማ ሱቅ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ውጭው ጨልሟል፤ በኅዳር እዚህ አገር ቀን የሚባለው ነገር ቶሎ ነው የሚያልቀው። ስልኬን እጄ ላይ ይዤ ጋሽ ደምሴ ብርጭቆውን ቀና ሲያደርጉ፣ ጠላው ትዝ ብሏቸው ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር ይታየኛል። በራሴ እየኮራሁ ነበር።

ከተቀመጥኩ አንድ ሰዓት ሊሞላኝ ሲል ስልኩ ጮኸ። ሶስና ናት፤ ከማድ ቤት ሆና በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"ዳዊት፣ ምንድን ነው የላክኸው? ጋሽ ወርቁ ፊታቸው ልክ አይደለም።"

ጥሩ ቢራ እንደሆነ ነገርኳት።

"ቀምሰኸዋል ግን?"

"አውቀዋለሁ" አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። ወዲያው ጋሽ ወርቁ ደወሉና እንድመጣ፣ እንደተጠራሁ ነገሩኝ። አግቢ ልጅ በሽምግልና ቀን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ከሴንትሩም እስከ ቤታቸው ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት እግዜር ይወቀው።

እዚያ ቤት ምን እንደሆነ በኋላ ጋሽ ወርቁ ነግረውኛል። ሽማግሌዎቹ ቆመው "ለልጅነት ብለን መጥተናል" አሉ። ጋሽ ደምሴ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ጸባዬ ጠየቁ። አንገራግረው፣ አንገራግረው፣ በመጨረሻ ፊታቸው ፈታ አለና እንግዶቹን ቁጭ አደረጉ። "ይሁን" የምትለዋ ቃል ብቻ ነበር የቀረችው። ለእሷ መመረቂያ ጠርሙስ ይከፈት ተባለ።

ጋሽ ወርቁ ሽቦውን ሲፈቱት ቡሹ ተፈናጥሮ ጣራውን መታ። አረፋው ጠረጴዛውን አጠበው። የሚቀዳ ሰው ቀድሞ ይቀምሳልና እሳቸው ለራሳቸው ትንሽ ቀድተው ጎንጨት አሉ። ጉድ ፈላ። የተበላሸ ነው ብለው አመኑ፤ ግን የሰው መልእክተኛ ሆነው መጥተው እንዴት ይናገሩት? ዋጡትና ለሁለተኛው ሰውዬ ቀዱ። ሁለተኛውም የጋሽ ወርቁን ፊት አይቶ ዋጠ። ሦስተኛውም ዋጠ። ሦስቱም በተራ "ጥሩ ነው" አሉ። ጋሽ ደምሴ ሦስቱ ሰዎች ተራ በተራ ሲኮማተሩ ያያሉ። ከዚያ ራሳቸው ቀመሱና ብርጭቆውን አስቀመጡ።

"ይኼ ነገር ደህና ነው?" አሉ።

ጋሽ ወርቁ ጨንቋቸው ልጁ መጠጥ አዋቂ ነው፣ ይኼ ትልቅ መጠጥ ነው አሉ። እኔን ማዳናቸው ነበር።

"እንግዲያው አዋቂው ይምጣና ይቅመስልን" አሉ ጋሽ ደምሴ።

ስገባ አራቱም ሰዎች ዞረው አዩኝ። እጅ ነስቼ ቆምኩ። ሶስና ማድ ቤቱ በር ላይ ናት፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ እስከ አፉ ተሞልቶ ይጠብቀኛል። ጋሽ ደምሴ በእጃቸው ወደ ብርጭቆው አመለከቱኝ።

እንደ አዋቂ ልጠጣው ብዬ ሙሉ ጉንጭ ወሰድኩ። ምን ልበላችሁ? ሎሚ ከነልጣጩ የነከስኩ መሰለኝ። ከኮምጣጣነቱ ኋላ ደግሞ ጋጣ ጋጣ የሚል ሽታ ተከትሎ መጣ። መንጋጋዬ ተቆለፈ፣ አንድ ዓይኔ በራሱ ፈቃድ ተጨፈነ። ሴንትሩም ቁጭ ብዬ በጋሽ ደምሴ ዓይን ሳየው የነበረው እንባ በኔ ዓይን መጣ። እንዲያም ሆኖ አመሌ አልለቀቀኝም፤ ጉሮሮዬን ጠራርጌ "ትንሽ ሞቅ ብሎት ነው እንጂ፣ ሲቀዘቅዝ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ቀምሰኸው ታውቃለህ?" አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

ድምፃቸው ቁጣ የለውም። ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር፤ ልቆጣም ልዋሽም እችል ነበር። ሶስናን አየኋት። አሁን ቀና ብላ እያየችኝ ነው። ከመጠጡ ይልቅ መልሴን እንደምትጠብቅ ገባኝ። በዚያች ቅጽበት ልጅቷን ላጣት እንደምችል አወቅሁ፤ የማጣትም በቢራው ሳይሆን በአፌ ነው።

"አላውቅም" አልኩ። "ቀምሼው አላውቅም፣ ጋሼ። ቅመስ ተብዬም ነበር፤ አውቃለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ጠላ እንደሚናፍቅዎት ሰምቼ ላስደስትዎት ብዬ ነበር።"

ጋሽ ወርቁ መሬት መሬት ያያሉ።

ጋሽ ደምሴ "ያን ጊዜ አውቶቡሱንስ?" አሉኝ።

"እሱንም አላውቀውም ነበር።"

"ልጄንስ ታውቃታለህ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ልቧንም ኩላሊቷንም እንደማውቅ እምል ነበር። ቢራው ይሁን ፍርሃቱ፣ አንዱ ጉራዬን አጥቦት ነበር።

"ትንሽ አውቃታለሁ" አልኩ። "የማላውቀው ይበዛል።"

ሶስና በእጇ አፏን ያዘች። ታልቅስ ትሳቅ አልለየሁም። በኋላ ስጠይቃት ሁለቱንም ነው አለችኝ።

ጋሽ ደምሴ ያን የራሳቸውን ብርጭቆ አነሱና ሁለተኛ ጉንጭ ጠጡ። ማንም አላስገደዳቸውም። ፊታቸውን ጨመደድ አድርገው፣ አፋቸው ውስጥ አመላልሰው ዋጡትና ወደ ጋሽ ወርቁ ዞሩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል አሉ። ጋሽ ወርቁ በይሉኝታ እሺ ብለው ሞከሩት፤ በእርግጥም ይሻላል። ቀጥለው ጋሽ ደምሴ ለሶስና ክትፎውን አምጪ አሏት። የጾም መያዣ ነውና ቅቤው የተትረፈረፈ ነበር። ክትፎ አንድ ጉርሻ፣ ቢራ አንድ ጉንጭ ሲሆን ነገሩ ሌላ ሆነ፤ ኮምጣጣው ቅቤውን ይቆርጠዋል፣ ቅቤው ኮምጣጣውን ያለዝበዋል። ሁለተኛው ጠርሙስ ተከፈተ። ያ ሁሉ ሰው ያን ሁሉ ሰዓት ባዶ አፉን ሲሰቃይ የቆየው አዋቂው ልጅ ከምግብ ጋር እንደሚጠጣ ስላላወቀ ነው።

"ይሁን" ያሉት ሁለተኛው ጠርሙስ ሲጋመስ ነው። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ልጄን ሰጥቼሃለሁ" አሉ። "ከአሁን በኋላ የምታመጣልኝን ግን ቀምሰህ አምጣ።"

እሺ አባባ አልኳቸው። አባባ ያልኳቸው ያን ጊዜ ነው፣ ሳላስበው ነው የወጣኝ። ጋሽ ወርቁ ሲመርቁ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከደስታ ነው ብዬ ነበር፣ እሳቸው ግን ሆዳቸው ነው ብለዋል።

የገና በዓል ካለፈ በኋላ አማቴ አንድ ቅዳሜ ደወሉልኝና፣ ሱቁ ሳይዘጋ፣ ሶደርማልም ወደዚያው መደብር አብረን ሄድን። ያቺው ሻጭ ልጅ ነበረች። ወደ ኋላ ተደበቅሁ። ሰባ ሊሞላቸው ምንም ያልቀራቸው፣ ከተማዋን መንገድ በመንገድ የሚያውቋት ሰው ወደ ልጅቷ ጠጋ ብለው ኮፍያቸውን አወለቁና ጥርት ባለ ስዊድንኛ "ያግ ኤር ኒበርያሬ" አሏት። ጀማሪ ነኝ ማለት ነው። ደስ ብሏቸው፣ ምንም ሳያፍሩ ነው ያሉት። ልጅቷ ቀዩን ሰጠቻቸው፤ ቼሪ የተሳለበትን። ቤት ወስደን ከፈትነው። አልዋሽም፣ በጣም ጥሩ ነበር። የዚያን ለት እሱን ልኬ ቢሆን ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ይጠጣው ነበር፤ ከጀርባዬም አይስቁብኝም ነበር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለኔ ነው። ከቀዩ ወደ ቡናማው፣ ከቡናማው ወደዚያ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ለመድረስ ከአማቴ ጋር አንድ ዓመት ገደማ ፈጀብን። ስንደርስበት ወደድነው። ጠላ ግን አይደለም አሉ አባባ፤ ጠላ ጠላ ነው፣ ይኼ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ጠርሙስ ያን ቀን ሳይከፈት ቀርቶ ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ። ሴት ልጃችን ተወልዳ፣ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ፣ አባባ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ምድር ቤታቸው ካለው ዕቃ ማስቀመጫ ነው ያወጡት። ሃያ ዓመት ይቆያል ተብሎ የለ፣ አሉኝ፤ ለእሷ ለሚመጣው ሰው አስቀምጥለት።

ጠርሙሱ አሁን የኛ ምድር ቤት ነው፣ ከክረምት ጎማዎቹ ጀርባ፣ ብርሃን የማይደርስበት ቦታ። ልጅቷ አድጋለች። በአማርኛ ስናወራት በስዊድንኛ ትመልሳለች፤ ከአያቷ ጋር ስትሆን ግን ከየት እንደምታመጣው አይታወቅም፣ "እርስዎ" ትላለች። አባባ አርጅተዋል። ዳቦም ይዤ ልሂድ፣ መድኃኒትም፣ አንድ ጊዜ አዲስ መኪና ገዝቼ ላሳያቸው ስሄድ እንኳ፣ በሩን ከፍተው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "ቀምሰኸዋል?" ቤተሰቡ ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፣ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ያመኛል፣ ሕመሙንም አልጠላውም። በዚያ ቅዳሜ ባላፍር ኖሮ እስከ ዛሬ ሰው ወደ ግራ እየላክሁ ነበር የምኖረው።

አልፎ አልፎ ጎማ ላወጣ ምድር ቤት ስወርድ ጠርሙሱን አንስቼ አየዋለሁ። አንድ ቀን አንድ ልጅ ሽማግሌ ልኮ ቤቴ ይመጣል፣ እኔም ደንብ አፍርሼ አስጠራዋለሁ፣ ሙሉ ብርጭቆም እቀዳለታለሁ። ከዚያ በፊት ግን የሚቀዳ ሰው ይቀምሳልና ቀድሜ የምጎነጨው እኔ ነኝ። ገና ሳልከፍተው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተኝቶ ጣዕሙ ምን ምን እንደሚል ልጁ ቢጠይቀኝ መልሴ ተዘጋጅቷል፤ አላውቅም ልጄ፣ ቁጭ በልና አብረን እንየው።